አንቶኒ ጃክሰንና ባለ ስድስት ክሩ ቤዝ፦ እኔስ ስንት ክር ላሠራ?

ቤዝ ከጎፋ ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ቤዝ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ሠርግ እሠራለሁ፣ ሆቴል እሠራለሁ፣ አልፎ አልፎ ስቱዲዮም እጠራለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ የኖርኩት በአንድ ባለ አራት ክር ቤዝ ነው። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ጎረቤቱ ጊታር ይሠራል አሉ። "በልክህ እናሠራልህ፣ የምትፈልገውን ጽፈህ ላክልኝ" አለኝ። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያው መስመር ላይ "የክር ብዛት" ብዬ ጻፍኩ። እዚያው መስመር ላይ ሁለት ሳምንት ሞላኝ።

እንዲህ ያስቸገረኝ አንቶኒ ጃክሰን የሚባል አሜሪካዊ ቤዝ ተጫዋች ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት ከልምምድ ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ድራመራችን አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። "ይህን ስማ" አለኝ፣ ሌላ ነገር አልተናገረም። ፒያኖው ሚሼል ፔትሩቺያኒ ነው፣ ድራሙ ስቲቭ ጋድ፣ ቤዙ ጃክሰን። እ.ኤ.አ. በ1997 ቶኪዮ ውስጥ መድረክ ላይ የተቀዳ ነው። መጀመሪያ ላይ ቤዙን ልብ አላልኩትም። ፒያኖው ይሮጣል፣ ድራሙ ከሥር ይከተላል። ከዚያ ቤዙ ወረደ። አንድ ድምፅ ብቻ፣ ረጅም፣ ከሁሉም በታች። ሌሎቹ ሁለቱ በላዩ ላይ የቆሙ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ጊታሬን አነሳሁና ያንን ድምፅ ፈለግኩት። የለኝም። ወፍራሙን ክር ባዶውን መታሁት፣ ኢ የምንለው ኖታ ነው፣ ከዚያ በታች የለኝም፤ እሱ ግን ከኢ በታች ሄዷል። ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ ቤዝ የሚጫወት ሰው ይገባዋል። አንድ ሰው የተናገረውን ቃል መድገም እየፈለግህ ፊደሉ አፍህ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ሰማሁ። ኒውዮርክ ውስጥ በ1952 ነው የተወለደው። ኦጄስ የሚባሉት ዘፋኞች "ፎር ዘ ላቭ ኦፍ መኒ"ን በ1973 ሲያወጡ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ዘፈኑ የሚጀምረው በእሱ ቤዝ ነው። በጣት ሳይሆን በፒክ፣ በመምቻ፣ ነው የሚመታው፣ ድምፁ ደግሞ ፌዘር በሚባል ድምፅ ማወዛወዣ ውስጥ አልፎ እንደ ውኃ እየተጠቀለለ ይመጣል። ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር አብሮ ተጽፏል። እኛ አገር ቤዝ ለሚጫወት ሰው ይህን ንገሩት እስቲ! በቤዝ መስመሩ የዘፈን ደራሲ የሆነ ሰው ነው።

በ1977 ጊታሪስቱ አል ዲ ሜኦላ "ኤሌጋንት ጂፕሲ"ን ሲሠራ ጃክሰን አለበት። ጊታሩ እንደ ጥይት ነው፣ ቤዙ ከሥሩ አንዲት ኖታ ሳይጥል አብሮት ይሮጣል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ሌላ መሣሪያ ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤዝ ጊታር ጊታር ነው፣ የጊታር ቤተሰብ ትልቁ ወንድም ነው። ጊታር ስድስት ክር ካለው ታላቁ ለምን አራት ይሆናል? ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር በ1951 የመጀመሪያውን ሲያወጣ አራቱን ክር የወሰደው ቆመው ከሚጫወቱት ከትልቁ ቤዝ ነው። ጃክሰን ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም አለ። ከታች ቢ፣ ከላይ ሲ ጨመረበት። ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ። ስሙንም "ባለ ስድስት ክር ቤዝ" አላለውም፤ "ኮንትራቤዝ ጊታር" ብሎ ጠራው።

ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ሱቅ ገብተህ አትገዛም። ኒውዮርክ ውስጥ ካርል ቶምፕሰን የሚባል ጊታር ሠሪ ጋ ሄዶ በ1975 አሠራ። ተሠራለት። ግን ክሮቹ በጣም ተጠጋግተው ስለነበር አልተመቸውም። እኔ ብሆን ያኔ ተስፋ እቆርጥ ነበር። እሱ ወደ ኬን ስሚዝ ሄደ፣ ክሮቹ ተራራቁ። ከዚያ ቪኒ ፎዴራና ጆይ ላውሪሴላ ብሩክሊን ላይ በ1983 ከከፈቱት ፎዴራ ጋ ሄደ፤ እዚያ አንዱን ካንዱ እያሻሻሉ ዓመታት ሠሩለት። አንገቱም ረዘመ፣ የሚርገበገበው ክር ከ34 ኢንች ወደ 36 ሄደ።

እኔ የምወደው ይህንን ነው። ጣቶቹ ፈጣን መሆናቸውን እወዳለሁ፣ ግን ፈጣን ብዙ አለ። ጃክሰን የሰማውን ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ስላልነበረ ዕቃውን አሠራ፣ ሲሠራለትም "ይበቃኛል" አላለም።

እና ወደ ጥያቄዬ። ስድስት ላሠራ ወይስ አምስት? 36 ኢንች እኔ ለምሠራው ሥራ ይሆናል ወይ? በቅርብ ያያችሁት፣ የያዛችሁት ካላችሁም ንገሩኝ።

---

ዝግ ያለ ምት መለሰ፦

ወንድሜ፣ አምስት ይበቃሃል። አንተ የምትፈልገው የታችኛውን ቢ ነው፣ ራስህ ጽፈኸዋል። የላይኛውን ሲ የት ልትጠቀምበት ነው? ሠርግ ላይ ኪቦርድና ሳክስ ባለበት እዚያ ላይ ብትወጣ ከእነሱ ጋር ትጋጫለህ። እኔ ስድስት ገዝቼ ሁለት ዓመት ይዤው ሸጥኩት። ሲዋ ክር እንደ አዲስ ነበረች።

---

የግራር ፍልጥ መለሰ፦

ጊታር እጠግናለሁ፤ ስለ ርዝመቱ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስለ ክር ብዛት ያወራል፣ ዋናው ጉዳይ ግን ርዝመቱ ላይ ነው።

ባዶ ኢ ክር በሰከንድ ወደ 41 ጊዜ ይርገበገባል። ቢ 31 ገደማ ነው። ያን ያህል ዝቅ ለማለት ሁለት መንገድ አለ። ወይ ክሩን ታላላዋለህ፣ ወይ ታወፍረዋለህ። ብታላላው ይዝረከረካል፣ ፍሬቱን፣ አንገቱ ላይ የተቀበረውን ብረት፣ ይመታል፣ ስትመታው ድምፁ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ከዚያ ነው የሚወርደው። በጣም ብታወፍረው ደግሞ እንደ ብረት ዘንግ ይደርቅና ድምፁ ይታፈናል። ርካሽ ባለ አምስት ክር ላይ የምትሰማው "ዱፍ" የሚል ቢ ይኸው ነው። ኖታው የቱ እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ሦስተኛው መንገድ ማስረዘም ነው። 34 ኢንች ማለት 86 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 36 ደግሞ 91 ከምናምን። አምስት ሴንቲ ምን ያደርጋል ትል ይሆናል። ያው ክር፣ በዚያው ቅኝት፣ በ36 ላይ 12 በመቶ ያህል የበለጠ ይወጠራል። ያንተ የቶኪዮ ድምፅ ጠርቶ የተሰማህ በጣቱ ብቻ አይደለም።

ክር መጠጋጋት ያልከውም ልክ ነው። የተለመደ ባለ አራት ክር ብሪጁ ላይ፣ ክሮቹ አካሉ ላይ በሚያርፉበት፣ ከክር እስከ ክር 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ክፍተት አለህ፣ 57 ሚሊ ሜትር። በዚያው ርቀት ስድስት ክር ብትደረድር አምስት ክፍተት ነው፣ 95 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንገቱ እንደ ጣውላ ይሰፋል። አንገቱ እንዳይሰፋ ክሮቹን ብታጠጋ ደግሞ የቀኝ እጅ ጣት መሃል ላይ አይገባም። የመጀመሪያው ላይ የገጠመው ችግር ይህ ነው። ጃክሰን አንገቱ ቢሰፋም ቀኝ እጁን መረጠ።

አሁን ላንተ። በ36 ኢንች ላይ የግራ እጅህ ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ አራተኛው የሚለጠጠው ይበልጣል። ክሩም ረጅሙ ዓይነት መሆን አለበት፣ ተራው አይደርስም። አዲስ አበባ ውስጥ ሠርጉ ነገ ሆኖ ዛሬ ማታ ቢበጠስብህ የት ታገኛለህ? 35 ብታደርገው አማካይ ነው። ለብዙ ባለ አምስት ክሮችም የተለመደ ልክ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክር። የባለ አምስት ክር ስብስብ ግዛ። ቢ፣ ኢ፣ ኤና ዲን አሁን ባለህ ጊታር ላይ እሰር፣ ጂን ተዋት። ክሩ ከመቃኛው በታች የሚያርፍባትን አጥንት በጥንቃቄ በሞረድ ማስፋት ያስፈልጋል፤ እዚህ አካባቢ ከሆንክ እኔ አደርግልሃለሁ። አንድ ወር በእሱ ሥራ። ከዚያ ምን እንደጎደለህ ጣትህ ይነግርሃል።

---

ፍሬት አልባ መለሰ፦

ጃክሰንን አከብራለሁ። ግን ጃኮ ፓስቶሪየስ በአራት ክር ዓለምን ቀየረ እኮ። የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዝ ነው፣ ፍሬቱን ነቅሎ ክፍተቱን ደፈነና ጀልባ በሚቀባበት ኢፖክሲ ለበጠው። ያቺው ናት። የ1976ቱን አልበሙን ስማና አምስተኛ ክር አስፈለገው ወይ በለኝ። ከላይ መውጣት ሲፈልግ በሃርሞኒክስ፣ ክሩን ነካ አድርጎ በሚያወጣው ቀጭን ድምፅ፣ ወጣ። መሣሪያ መለወጥ ለጣት ሰነፍ ነው ባልልም፣ መጀመሪያ ያለህን ጨርሰኸዋል ወይ?

---

ቤዝ ከጎፋ መለሰ፦

ፍሬት አልባ፣ ጃኮን እንዳንተው እወደዋለሁ። ግን ያልከውን ራስህ መልሰህ አንብበው። ጃኮም እኮ ሱቅ በሸጠለት ጊታር አልረካም። ፍሬቱን ነቀለ፣ ባሕር ላይ የሚሠራበትን ቅብ አመጣ። የሚዘፍን ድምፅ ይሰማው ነበር፣ ፍሬቱ ከለከለው፣ አወጣው። ጃክሰን ከታች ያለ ድምፅ ይሰማው ነበር፣ ክር አጣ፣ ጨመረ። ሌላውን ቤዝ ተጫዋች፣ ስታንሊ ክላርክን፣ ደግሞ ውሰደው። አሌምቢክ የሚባለው ጊታር ሠሪ ድርጅት የሠራለት አንገቱ አጭር ነው፣ የክሩ ርዝመት 31 ኢንች እንኳ አይሞላም፤ እንደ ሊድ ጊታር ይሮጥበታል። አንዱ አሳጠረ፣ አንዱ አስረዘመ፣ አንዱ ፍሬት ነቀለ። ሦስቱም ልክ ናቸው፣ የሰሙት የተለያየ ስለሆነ።

ያለህን ጨርሰኸዋል ወይ ላልከው፣ አልጨረስኩም። የሚያልቅም አይመስለኝም። ግን ዘፋኛችን ትዝታ በኢ ፍላት፣ ከኢ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ሲጀምር የታችኛው ኢ ፍላት የለኝም። አንድ ኦክታቭ ወጥቼ ነው የምጫወተው፣ ባንዱ ሁሉ እግሩ ከመሬት የተነሳ ይመስላል። ይህን ጣት አያመጣውም።

የግራር ፍልጥ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጊታሩን ይዤ እመጣለሁ።

---

የጥንቱ ቤዝ መለሰ፦

ልጄ፣ የኢ ፍላቱ ነገር ድሮም ነበር። እኛ በሰዓት እላፊ ጊዜ ስንሠራ በሩ ከተዘጋ እስኪነጋ ማንም አይወጣም፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ እንጫወታለን። ዘፋኝ ሲደክመው "ግማሽ አውርዱልኝ" ይላል። ከኢ ወደ ኢ ፍላት ማለት ነው። እኔ በጨለማ ወፍራሙን ክር በጆሮዬ አላላለሁ፣ ቀጣዩ ዘፋኝ ሲመጣ መልሼ አጠብቃለሁ። ክሩ እንዲህ ሲደረግ ቅኝት አይይዝም፣ በየዘፈኑ መሃል እያስተካከልኩ ነበር የማድረው።

ኋላ ኪቦርድ መጣ። ልጁ በግራ እጁ የፈለገበት ታች ይወርዳል፣ ማላላት የለ፣ ማጥበቅ የለ። ባለቤቶቹም አንድ ሰው ደመወዝ ተረፋቸው። ብዙ ጓደኞቼ ያኔ ነው ቤዝ ያስቀመጡት። አሜሪካም ቢሆን ባለ አምስት ክር የተስፋፋው ሲንተሳይዘሩ ከቤዙ በታች መውረድ ሲጀምር ነው። ያንተ ሰው ግን ያ ሳይመጣ፣ ቀድሞ አስቦት ነበር ማለት ነው። ይህን ዛሬ ካንተ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ።

ክሩን ሞክረውና ንገረን።

---

ቤተስዳ ዳር መለሰ፦

በቅርብ ያየ ካለ ብለህ ስለጠየቅህ ነው የምጽፈው። ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ አድማጭ ነኝ። ጃፓናዊቷ ፒያኒስት ሂሮሚ ከጃክሰንና ከድራመሩ ሳይመን ፊሊፕስ ጋር በምትዞርበት ጊዜ አንዲት ትንሽ የጃዝ ቤት ውስጥ አየኋቸው። "ቮይስ" የተባለው አልበማቸው በ2011 ከወጣ በኋላ ነው። ጠረጴዛዬ በእሱ በኩል ነበር፣ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው።

ተቀምጦ ነው የሚጫወተው። ጊታሩ ትልቅ ነው፣ ጭኑ ላይ ሲያርፍ አንገቱ በጣም ሩቅ ይሄዳል። ከላይ በኩል አካሉ አይጎድልም፣ እንጨቱ እንደ ትከሻ ከፍ ብሎ ወደ አንገቱ ይገባል፤ የተቆረጠው ከታች በኩል ብቻ ነው። አንድ ያስገረመኝ፣ ቁልፍ የለውም። ሌላ ጊታር ላይ ድምፅ መቀነሻው፣ መጨመሪያው የሚሆንበት ቦታ ልሙጥ እንጨት ነው። ድምፁን የሚያሳድገውም የሚቀንሰውም በእግሩ ነው፣ በፔዳል። እጆቹ ከክሩ አይነሱም። አንድ ረጅም ኖታ ሲይዝ እግሩ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ያብጣል፣ እንደ ቫዮሊን ቀስት። ከዚያ ቀኝ እጁን በክሩ ላይ ጋደም አድርጎ በፒክ ሲመታ ደግሞ ድፍን ያለ አጭር ድምፅ ይወጣል።

ሂሮሚ በግራ እጇ በጣም ታች ትጫወታለች። ፒያኖና ቤዝ እዚያ ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ ይደፈራረሳል። እሱ እሷ ስትወርድ ይወጣል፣ እሷ ስትወጣ ይወርዳል። ሲ ክር ለምን እንዳስፈለገው ያኔ ነው የገባኝ። ለሶሎ አልነበረም የተጠቀመበት። ቦታ ለመልቀቅ ነው።

ሌላው ፊቱ ነው። ታዳሚውን አያይም፣ ዓይኑ ሂሮሚ እጅ ላይ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ አንገቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቅኝቱን ይመረምራል።

አንተ ግን ሠርግ ላይ ቆመህ ነው የምትሠራው መሰለኝ። ያ ጊታር ለቆመ ሰው የተሠራ አልመሰለኝም።

---

ዝግ ያለ ምት መለሰ፦

ቤተስዳ ዳር፣ "ቦታ ለመልቀቅ" ያልከው ልቤን ነካው። የሸጥኩት ስድስት ክር ዛሬ ትዝ አለኝ።

---

ቤዝ ከጎፋ መለሰ፦

ሦስት ሳምንት ስለቆየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነበር።

የግራር ፍልጥ አጥንቷን በሞረድ አስፍቶ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ አሰረልኝ። ክፍያ አልቀበልም ብሎ በግድ ነው የሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጄ ጠፋበት፤ ሁሉ ነገር አንድ ክር ወደ ላይ ሄዷል፣ ኢ ብዬ ስመታ ቢ ይወጣል። ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ተለማመድኩ።

ባለፈው እሑድ ሠርግ ነበረን። ከእራት በኋላ ዘፋኛችን ትዝታ ጀመረ፣ ኢ ፍላት። ቢው ላይ አራተኛ ፍሬት። ሳልቸኩል ያዝኩና አንዴ መታሁት፣ ተውኩት ይደውል። ድራመራችን ዞሮ አየኝ። ያ ታክሲ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫውን የሰጠኝ ልጅ ነው። ምንም አላለም፣ ቀጣዩን ምት ብቻ ትንሽ አዘገየው፣ ኖታው ቦታ እንዲያገኝ።

የግራር ፍልጥ እንዳልከው የኔ ጊታር ላይ ቢው ላላ ይላል። ጠንከር አድርጌ ስመታው ፍሬቱን ይነካል። ርዝመት እንደሚያስፈልግ ጣቴ ነገረኝ። ጂ ክር ደግሞ በየቀኑ ይናፍቀኛል፣ በተለይ ባቲ ስንጫወት ከላይ የምመልሳቸው ነገሮች ነበሩኝ። ሲን ግን አንድ ቀንም አልፈለግኳትም። ለሂሮሚ ፒያኖ ቦታ መልቀቅ የጃክሰን ሥራ ነበር። የእኔ ሥራ ለጊዜው ሌላ ነው፣ አምስት ሰዓት ቆሜ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለአጎቴ ልጅ ጻፍኩለት። አምስት ክር። 35 ኢንች። ብሪጁ ላይ ከክር እስከ ክር 19 ሚሊ ሜትር፣ እዚያ ላይ እንዳይቀንስ። ክብደቱ ለቆመ ሰው ይሁን። ድምፅ መቀነሻ አንድ ቁልፍ ብቻ። ጋሼ የጥንቱ ቤዝ፣ ሲደርስ መጀመሪያ እርስዎ ቢመቱት ደስ ይለኛል፣ ያሉበትን በግል ይጻፉልኝና ይዤ እመጣለሁ።

የአጎቴ ልጅ ወዲያው መለሰልኝ፦ "ቀለሙስ?"

የእንጨቱ ይሁን አልኩት።